ሙሉ ዓሣ፣ ፊሌቶ፣ ቋንጣ ወይስ ቆርቆሮ፦ ትል ለሚፈራ የጎንደር ዓሣ ገዢ

የወንድሜ ሚስት በገና ጾም አንድ ቅዳሜ ከማራኪ ደወለችልኝ። ቅዳሜ ገበያ ወርዳ አራት ቀረሶ ገዝታለች። ቅርፊቱን ፍቃ ጨርሳ የአንዱን የስንጥብ ክዳን ገለጥ ስታደርግ፣ ከሥሩ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቢጫ ነገር ትላወሳለች። «እትዬ፣ ልጣለው ወይስ ልጥበሰው?» አለችኝ። አንቺስ ምን አሰብሽ ብላት፣ «ይኼን ለውሻ ሰጥቼ ፊሌቶ ልግዛ እንጂ!» አለች።

ይህን የጻፍኩት በዚያ መልሷ ምክንያት ነው። ፊሌቶ ስትገዛ የምታገኘው ትል ያልነካው ዓሣ ላይሆን ይችላል። ምናልባት ትሉ የተለቀመለት ነው፤ ምናልባት ትሉ ከጭንቅላቱና ከሆድ ዕቃው ጋር አብሮ የተጣለለት ነው፤ ምናልባትም ትሉ ሥጋው ውስጥ ተኝቶ ከላይ የማይታይበት ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ቢላውን የያዘው ሰው ብቻ ነው። እሷ ግን ትሉን ባለማየቷ ብቻ ተረጋግታ፣ ለልጆቿ ለብለብ አድርጋ ልታቀርብ ነበር።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ምግብ ቤት ማድ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ዓሣ ሳጸዳ ኖሬ፣ አሁን የምጠብሰው ለቤቴ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቼዋለሁ፤ እዚህ የማወራው ከሚበላው ሰው ጋር ነው።

ትሎቹን እንለያቸው

ከጣና የሚመጣ ዓሣ ላይ ገዢ በዓይኑ ለይቶ ሊያውቃቸው የሚገቡ ትሎች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የወንድሜ ሚስት ያየችው ቢጫው ነው። ባለሙያዎች ክሊኖስቶመም ይሉታል። ልጅነቱን ቀንድ አውጣ ውስጥ ያሳልፋል፤ ከዚያ ወደ ውሃው ወጥቶ ዓሣ ይይዝና ትንሽ ከረጢት ሠርቶ ይተኛል። ከስንጥቡ ሥር፣ ከልቡ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከቆዳው በታች ሥጋው ላይ ይገኛል። ተኝቶ የሚጠብቀው ረጅም አንገት ያላቸውን፣ ሽመላን የመሰሉ የውሃ ወፎች ነው። ወፉ ዓሣውን ሲውጥ ትሉ ጉሮሮው ላይ ተጣብቆ ያድጋል፣ እንቁላሉን ይጥላል፣ ዙሩ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ክር የሚመስለው ነው፤ ኮንትራሲኩም ይባላል። ቀላ ያለ ወይም ነጣ ያለ ሲሆን እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሎ ይተኛል። ቀረሶ ላይ ልቡ ያለበትን ጓዳ ክፈቱ፤ ካለ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። አምባዛ ላይ ደግሞ የሆድ ዕቃው መሀል ተጠቅልሎ ይገኛል። የመጨረሻ ቤቱ ፔሊካንን የመሰሉ ዓሣ በል ወፎች ናቸው። ጎርጎራ ወደብ ላይ ቆማችሁ ፔሊካኖቹ የዓሣ አጥማጆቹን ጀልባ ሲከተሉ ካያችሁ፣ ይህ ትል ከየት እንደሚመጣ ሌላ ማስረጃ አያሻችሁም።

ሦስተኛው ነጭ ጥብጣብ ነው። ሊጉላ ይሉታል። ጣና ላይ በደንብ የታወቀው በትንንሾቹ የነጭ ዓሣ ዘመዶች ሆድ ውስጥ ነው፤ የዓሣዋን ሆድ እስኪወጠር ይሞላዋል፣ እንቁላል እንዳታፈራም ያደርጋታል። ላየው ሰው ከሦስቱ ሁሉ የሚያስጠላው እሱ ነው። ለሰው ግን ከሦስቱ ሁሉ የማያሰጋው እሱ ነው። ሰው ላይ በሽታ አያመጣም።

መቼም ትል የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር ኮሶን ያውቃል፤ አያቶቻችን የኮሶውን አበባ እየበጠበጡ ፊታቸውን አጨፍግገው ሲጠጡ ነው የኖሩት። ልዩነቱን ልብ በሉ። የከብቱ ኮሶ ትል የመጨረሻ ቤቱ የሰው አንጀት ነው፤ ሰው ጥሬ ሥጋ ባይበላ ዘሩ ይቋረጥ ነበር። የእነዚህ የዓሣ ትሎች ቤት ግን ወፍ ነው። ሰው ሆድ ውስጥ ከገቡ መንገድ የጠፋበት እንግዳ ናቸው፤ አይዋለዱም፣ ብዙም አይቆዩም።

ይሁንና መንገድ የጠፋበት እንግዳ አንዳንዴ በር ይሰብራል። ቢጫው ትል በጃፓንና በኮሪያ ጥሬ የወንዝና የሐይቅ ዓሣ የበሉ ሰዎች ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ያሳክካል፣ ያስላል፣ ያቆስላል። የክሩ ትል የባህር ዘመድ የሆነው አኒሳኪስም ጥሬ የባህር ዓሣ የበላውን ሰው የጨጓራ ግድግዳ ወግቶ ኃይለኛ ቁርጠትና ትውከት ያመጣል። የእኛው ክር ሰው ላይ እንዲህ ማድረጉ እጅግ ብርቅ ነው። ብርቅ ነው ማለት ግን በሕይወት እያለ ዋጡት ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። «የጣና ዓሣ ብልሃርዝያ አለበት» የሚል ሰው ገበያው ሁሉ ላይ አይጠፋም። ብልሃርዝያ ከዓሣ ሥጋ አይመጣም። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወደ ውሃው ይወጣና ውሃ ውስጥ የቆመን፣ የሚታጠብን፣ የሚዋኝን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ችግሩ የዓሣ አጥማጁና ሐይቁ ዳር የሚታጠበው ልጅ ነው፤ አራዳ ላይ ሹካ ይዞ የተቀመጠው ሰው አይደለም።

ከትሉ በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ

ትሉ ያስጮሃል፣ ሆስፒታል የሚያስገባው ግን ብዙ ጊዜ የማይታየው ነው። ሳልሞኔላና ኢ ኮላይ የመሳሰሉ ተሕዋስያን ቢጫ አይደሉም፣ አይላወሱም፣ ገበያ ላይ ማንንም አያስደነግጡም። የሚያድጉት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ነው። ማዳበሪያ ውስጥ ታስሮ ሚኒባስ ጣራ ላይ የተጫነ ዓሣ ደግሞ በትክክል እዚያ መሀል ነው የሚውለው።

መንገዱን አስቡት። መረቡ ማታ ይዘረጋል፣ ንጋት ላይ ይሰበሰባል። መረብ የያዘው ዓሣ ሌሊቱን ሊሞት ይችላል፤ ስለዚህ «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» ሲሏችሁ እውነት ነው፣ ግን መቼ እንደሞተ አልነገሯችሁም። ከጎርጎራ በጯሂትና በቆላ ድባ አድርጎ አዘዞ፣ ከአዘዞ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር የሚመጣው ደግሞ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቅርብ የሆነው ትኩስ ነው ብላችሁ ግን አትቸኩሉ። ከባሕር ዳር በረዶ ውስጥ ተቀብሮ የመጣ ዓሣ ከጎርጎራ ያለ በረዶ ከመጣው ይበልጣል። እኔ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ከየት ነው?» አይደለም፤ «በረዶ ላይ ነበር?» ነው። ሻጩ በረዶውን ካሳየኝ አወራዋለሁ፤ «ኧረ እትዬ፣ ትኩስ ዓሣ በረዶ ምን ያደርግለታል?» ካለኝ እስቃለሁ፣ እሄዳለሁ።

ሙሉ ዓሣ ወይስ ፊሌቶ

እውነተኛው ምርጫ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ሙሉ ዓሣ ራሱ ምስክር ነው። ዓይኑ ጥርት ብሎ ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ደም የመሰለ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ፣ ሽታው የሐይቅ ውሃ የሚሸት ከሆነ ደህና ነው። ዓይኑ ጎድጎድ ብሎ ወተት ከመሰለ፣ ስንጥቡ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ፣ ሆዱ ለስልሶ ከተነፋ እለፉት። ገትሮ የደረቀ፣ ጅራቱን ይዛችሁ ስታነሱት የማይዝለፈለፍ ዓሣ ገና ትኩስ ነው፤ ደስ ብሏችሁ ግዙት። «የዓሣ ግማቱ ከአናቱ» የሚለው ተረት ለሹማምንት የተተረተ ቢሆንም ገበያ ላይም ይሠራል፤ ስንጥቡ ያለው እዚያው አናቱ ላይ ነው፣ መበስበሱንም ቶሎ የሚያሳየው እሱ ነው። ሆዱ ግን ከአናቱ አያንስም። አንጀቱ ውስጥ ያለው ነገር ዓሣው ከሞተ ጀምሮ ሥጋውን መብላት ይጀምራል።

ለዚህ ነው ሙሉ ዓሣ የገዛ ሰው ቤቱ ሲገባ ቡና ሳያፈላ ሆድ ዕቃውን ማውጣት ያለበት። ከትሉም አንፃር እንዲሁ ነው። አንዳንድ ክር መሳይ ትሎች ዓሣው ሲሞት ከሆድ ዕቃው ወደ ሥጋው ይሻገራሉ፤ በባህር ዓሣ ላይ ይህ በደንብ የታወቀ ነው። ቶሎ ከተጸዳ ትሉ ከአንጀቱ ጋር አብሮ ይወጣል። ስታጸዱ ሐሞቱን አትቅደዱ፤ የልቡን ጓዳ ከፍታችሁ እዩ፤ የሆዱን ጥቁር ሽፋን በጣታችሁ ገፋችሁ አንሱ፤ ከስንጥቡ ሥር ያለውን በሙሉ ቆርጣችሁ ጣሉ። አንድ ሁለት ትል ካገኛችሁ ከአካባቢው ሥጋ ጋር ቆርጣችሁ አውጡና የቀረውን በደንብ አብስሉ። ሥጋው ውስጥ ብዙ ከሆኑ ግን፣ ያንን ዓሣ ማንም ብሉ ሊላችሁ አይገባም። በሽታን ትተን የምግብ ፍላጎትም አንድ ነገር ነው።

ፊሌቶ ይህን ሁሉ ሥራ ያስቀርላችኋል፣ ምስክሩንም አብሮ ይወስደዋል። ዓይን የለው፣ ስንጥብ የለው፤ የሚቀራችሁ ሽታውና መልኩ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ቢላው ያለፈበት ሥጋ ለተሕዋስያን ሰፊ ሜዳ ነው፤ መክተፊያው ካልታጠበ፣ የሚረጩበት ውሃ ንጹሕ ካልሆነ፣ የአንዱ ዓሣ አንጀት ለአሥሩ ፊሌቶ ይደርሳል። ዓይኑ ጥርት ያለ ሙሉ ዓሣና ትሪ ላይ ተዘርግቶ የዋለ ፊሌቶ ፊት ለፊት ከቀረቡልኝ ሁለት ጊዜ አላስብም።

ዋጋውንም እንይ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከአንድ ኪሎ ሙሉ ቀረሶ የሚወጣው ፊሌቶ ሲሶ ገደማ ነው፤ የቀረው ጭንቅላት፣ አጥንት፣ ቆዳና ሆድ ዕቃ ነው። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ፊሌቶ ዋጋ የሙሉውን ሦስት እጥፍ ከሆነ የከፈላችሁት ያው ነው፣ ጉልበቱን በነፃ አገኛችሁ። ከሦስት እጥፍ በጣም ካነሰ ደግሞ ተጠራጠሩ። ማንም ሰው ጥሩ ዓሣ ገፎ፣ አጥንቱን አውጥቶ በኪሳራ አይሸጥም። ወይ ዝርያው ሌላ ነው፣ ወይ ሰንብቷል። ጭንቅላቱንና አጥንቱን ለመረቅ ለሚያፈላ ቤት ግን ሙሉው ሁልጊዜ ይረክሳል።

ፊሌቶ የሚያዋጣው ከፊታችሁ ሲገፈፍ ነው። ዓሣውን መርጣችሁ፣ ስንጥቡን አይታችሁ «ይኼን ፊሌቶ አውጣልኝ» ስትሉ ምስክሩንም ምቾቱንም ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ቤት ስትደርሱ አንድ ነገር ጨምሩ። ፊሌቶውን ግልጽ የብርጭቆ ሳህን ላይ ዘርጉት፣ መብራቱን አጥፉ፣ የስልካችሁን ባትሪ ከሳህኑ ሥር አብሩ። ትልልቅ ዓሣ ማቀነባበሪያዎች የሚሠሩትም በመሠረቱ ይኼንኑ ነው፤ ብርሃኑ በስስ ሥጋ ውስጥ ሲያልፍ ትሉ ወይም ከረጢቱ እንደ ጥላ ይታያል። ወፍራም ሥጋ ላይ ሁሉንም አያሳይም፤ አምባዛ ላይ ብዙም አትመኑት። ቀረሶ ላይ ግን ልጄ እንኳ ለምዳዋለች፤ እራት ከመድረሱ በፊት «ሲኒማ እንይ» ትለኛለች።

ቀረሶ፣ አምባዛ ወይስ ነጭ ዓሣ

ቀረሶ፣ ሌላ ቦታ ቆሮሶ የሚሉት፣ ለጀማሪ ይሻላል። ሥጋው ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል፣ ትሉ የሚያዘወትርበትም ቦታ ይታወቃል፤ ስንጥቡ ሥርና ልቡ ጓዳ። ሁለቱም ደግሞ የሚጣሉ ክፍሎች ናቸው።

አምባዛን ቅርፊት ስለሌለው የማይቀምሱ ብዙ ናቸው፤ የሃይማኖቱን ትቼ የማድ ቤቱን ልናገር። አምባዛ ጭቃ የሚወድ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚውጥ ዓሣ ነው፤ ትንንሽ ዓሣ ከነትላቸው ይበላል። ሆዱን ስትከፍቱ ከቀረሶ የበለጠ ነገር ብታገኙ አይግረማችሁ። በጎ ጎኑ፣ አጥንቱ ትንሽ ነው፣ ሥጋው ለጉላሽና ለወጥ ይስማማል። ግን ወፍራም ነው፤ ውጪው ቀልቶ መሀሉ ጥሬ የሚቀረው እሱ ነው። አምባዛን እኔ ቆርጬ አፈላዋለሁ እንጂ ሙሉውን አልጠብሰውም።

ነጭ ዓሣ ላይ የምለው ሌላ ነው። ጣና ውስጥ 15 ያህል ሌላ የትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ ክረምቱ ሲገባ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ፤ መረቡም እዚያው የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። መገጭ ደግሞ የእኛው ወንዝ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሆዷ እንቁላል የሞላ ነጭ ዓሣ ሲያቀርቡልኝ አልገዛም፤ ይህ ከትል ጋር ግንኙነት የለውም። በሌላ ጊዜ ጥሩ ዓሣ ነው፣ እሾሁ ብቻ ነው ለልጅ የሚያሰጋው። ከትሉ በላይ እሾሁን ፍሩ።

ቋንጣ፣ በረዶ ቤት፣ ቆርቆሮ

የዓሣ ቋንጣ ከጣና ዳርቻ በመተማ በኩል ሱዳን ድረስ የሚሄድ ንግድ ነው፤ ከተማችን ግን ብዙም አለመደውም። በጨው ብዛትና በፀሐይ በደንብ የደረቀ ቋንጣ ውስጥ በሕይወት ያለ ትል አይኖርም። ያልደረቀ፣ መሀሉ የሚለመጥ፣ ጨው ለይስሙላ የተነሰነሰበት ግን ልክ እንደ ጥሬ ዓሣ ቁጠሩት። ዝንብ የጣለችው እጭም ሌላ ጣጣ ነው። ሰብራችሁ እዩት፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ተዉት፣ ከተሰበረም አብስላችሁ ብሉ።

የቀዘቀዘ ዓሣ ላይ ብዙ ሰው የሚተማመነው «ፍሪዘር ትል ይገድላል» በሚለው ነው። ይገድላል፤ ቅድመ ሁኔታው ግን ከባድ ነው። ጥሬ ለሚበላ ዓሣ የአሜሪካ የምግብ ተቆጣጣሪዎች መመሪያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ላይ ድንጋይ እስኪሆን አቀዝቅዞ 15 ሰዓት ማቆየት ነው። የቤታችን ፍሪጅ የላይኛዋ ሳጥን በረዶ ትሠራለች እንጂ እዚያ ቅዝቃዜ ላይ አትደርስም። ዲፕ ፍሪዘር ያለውም ቢሆን ሰባት ቀን ሙሉ መብራት ሳይሄድ የከረመበትን ሳምንት ይቁጠርና ይንገረኝ። ቤት ውስጥ ማቀዝቀዝ ለማቆያ እንጂ ለትል መድኃኒትነት አታስቡት። ተሕዋስያንን ደግሞ ቅዝቃዜው ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም፤ ሲቀልጥ ይነቃሉ። ቀልጦ ዳግም የቀዘቀዘ ዓሣ ከረጢቱ ሥር የረጋ ውሃ በረዶ ሆኖ ይታያል፤ ሱቅ ውስጥ ያንን ካያችሁ መልሱት።

ቆርቆሮ፣ ቱናም ሰርዲንም፣ በፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀት ስለበሰለ ከትል ፍርሃት ነፃ ነው። ጣሳው ያበጠ፣ የዛገ፣ ጠርዙ ላይ የተጨረመተ እንዳይሆን ብቻ። ዓሣ ነው ወይ ብትሉኝ ግን፣ ጣና አጠገብ ተቀምጦ ቆርቆሮ መክፈት ምን ይባላል?

አበሳሰሉ ሁሉንም ይፈርዳል

ጥሬውን የሚወዱ አሉ፤ ሐይቅ ዳር ፊሌቶውን በሚጥሚጣና በአዋዜ የሚያጣጥሙ። ሎሚ ጨመቅንበት ይላሉ፣ አረቄ ደገምንበት ይላሉ። ሎሚ ሥጋውን ያነጣዋል፣ የበሰለ ያስመስለዋል፤ ትሉ ግን ከረጢቱ ውስጥ በሰላም ይተኛል። ሚጥሚጣም የሚያቃጥለው የበይውን አፍ ነው። አረቄውም ለጭውውቱ ይጠቅማል።

ለብለብ ጥሬ አይሁን እንጂ ከጥሬው ብዙ አይርቅም። ስስ ተቆርጦ፣ ሁሉም ጎኑ ነጥቶ፣ መሀሉ ሲቆረጥ ካልተብለጨለጨ ይበላል። ምግብ ቤት ውስጥ ግን ምሳ ሰዓት ላይ ሃያ ሰው ሲጮህ ማን ይሄን ያያል? ከቤት ውጪ ስበላ ለብለብ አላዝም።

ጥብስ ደህና ነው፣ አንድ ዘዴ ከተጨመረበት። ሙሉውን ዓሣ ጎንና ጎኑን እስከ አጥንቱ ብጥ ብጥ አድርጉት። ይህ ለመልክ ብቻ የሚደረግ ይመስላል፤ ዘይቱ ወፍራሙ ሥጋ ውስጥ የሚደርሰው በዚያ በኩል ነው። ዘይቱ ሳይግል ዓሣውን መክተትም፣ አንዴ ብዙ መጨመርም ዘይቱን ያበርደዋል።

ከሁሉ የማያሳስበው ወጡና ጉላሹ ነው። ጎንደር ከባህር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምስሩና ሽምብራው የሚዘገይብን ለዚህ ነው። ለዓሣ ግን ይህ ይተርፋል፤ ትሎቹ መሀል ሥጋው 60 ዲግሪ ደርሶ አንድ ደቂቃ ሲቆይ ይሞታሉ፣ ለተሕዋስያኑም ጭምር የሚመከረው 63 ነው። ቴርሞሜትር ያለው ማድ ቤት ስለማላውቅ የምጠቀመው ሹካ ነው። በወፍራሙ በኩል ሹካ ወግቼ አዞረዋለሁ፤ ሥጋው በንጣፍ በንጣፍ ከተላቀቀ፣ ከመስታወትነት ወደ ሙሉ ነጭ ከተለወጠና አጥንቱን ያለ ትግል ከለቀቀ በስሏል።

የበሰለውን ዓሣ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ መክተፊያው ነው። ጾም ላይ ዓሣው የተቆረጠበት ጣውላ ላይ ቲማቲሙና ሰላጣው ይደገማል፤ ዓሣው እሳት ያየዋል፣ ሰላጣው ግን አያይም። ሁለት መክተፊያ ከሌላችሁ ሰላጣውን መጀመሪያ ክተፉ።

እንደየቤታችሁ

ፍሪጅ የሌለው ቤት፦ ሙሉ ቀረሶ፣ በጠዋቱ ገዝቶ ለምሳ። የተረፈ በስሎም ቢሆን ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ። ፍሪጅ ያለው ጥሬውን አጽድቶ፣ ከታችኛው መደርደሪያ አድርጎ፣ አንድ ወይ ሁለት ቀን ያቆየዋል፤ ሦስተኛው ቀን የእሱ አይደለም።

እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም የታመመ ሰው ያለበት ቤት፦ ወጥ ወይም በደንብ የተጠበሰ እንጂ ለብለብም፣ ያልደረቀ ቋንጣም አይግባ።

ጥሬ ወይም ለብለብ በልቶ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ የያዘው፣ ጉሮሮው ላይ የሚላወስ ነገር የተሰማው ሰው ከፋርማሲ የትል ክኒን ገዝቶ አይዋጥ። ሐኪም ጋ ይሂድ፣ «ጥሬ ዓሣ በልቻለሁ» ብሎም ሳይጠየቅ ይናገር። ሐኪሙ ካልሰማው ስለ ጨጓራ ብቻ ሊያስብ ይችላል።

የወንድሜ ሚስት በመጨረሻ ቀረሶውን አልጣለችውም። ስንጥቡንና ጭንቅላቱን ቆርጣ፣ ሥጋውን በስልክ ባትሪ አይታ፣ በጥልቅ ዘይት ጠበሰችው። የሆድ ዕቃውን ግን ለውሻው ጥሬውን ልትሰጥ ስትል ከለከልኳት። ውሻና ድመት ከዓሣ ትል የሚያገኙት በዚያ መንገድ ነው። አፍልታ ሰጠችው፤ ግቢው ለሁለት ቀን ሸተተ፣ ጎረቤቷም እስከ ሰኞ አኩርፋት ነበር።